አስር ሰከንድ

ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ ምድር ቤት ቁጥር ሁለት፣
መኪናው ሲተኛ እኔ ነቅቼለት፣
ከሌሊቱ ስምንት። ኔትወርክ አንድ መስመር፣
እሱም አሳንሰሩ ጥግ ተለጥፌ ስገተር።
ስሜ ጨዋታው ውስጥ «አይነኬው ነብር»፣
እዚህ «ያ ሐሪስ» ነው፤ ቀን ሙሉ እንዲያ ነበር።

አራት ነን በቡድን።
ኩሪያን፣ የአጅማኑ ልብስ ሰፊ፣ ሳይስል የማይናገር፣
ጣሪቅ፣ ሱዳናዊው፣ ሲሸነፍ የሚስቅ፣ ሲያሸንፍ የሚያማርር፣
አራተኛው ደግሞ ከኩዌት የመጣ፣
«ዝምታ» ነው ስሙ፣ ድምፅ ያላወጣ።
ቋንቋችን ሁለት ቃል፦ ለመነሻ «ያላ»፣ ለመሞቻ «ኸላስ»፣
ሌላው በየአፋችን ይቀራል፣ ማንም ጆሮ ሳይደርስ።

ያን ሌሊት ለማሸነፍ ቀርቶን ነበር ጥቂት።
ዘጠኝ ሰው ብቻ ነው በሕይወት ያለ ከፊት፣
«ዝምታ» ድልድዩ ላይ ቀጥ አለ እንደ እንጨት።
አይተኩስ፣ አይሸሽ፣ አይዞር፣ አይተኛ፤
በሱ በኩል ገቡ። መጀመሪያ እኔ ወደቅኩ፣ ጣሪቅ ሁለተኛ።

እኔም በአማርኛ፣ ማን ይሰማል ብዬ፣
ቀን የተጫነኝን አራገፍኩት ጥዬ፤
በር ስከፍት ያሉኝን፣ ካርድ ፊቴ ላይ ሲወረውሩ ያሉኝን፣
የዋጥኩትን ሁሉ፣ ያልተፈጨልኝን፣
«አንተ አህያ!» ብዬ ጀመርኩ፤ ከዚያ «እናትህን...»
ከዚህ ወዲያ አልጽፈውም። ግጥም ነው፣ የሽንት ቤት ግድግዳ አይደለም።

የሠላሳ ፎቅ ፍሳሽ የሚያልፈው በኔ ራስ ላይ ነው፤
እኔም ለካ ከበታቼ ሌላ ፎቅ ስቆፍር ከርሜ፣
ስፈልግ የማፈስበት ሰው።

ጸጥ አለ። ከዚያ ማይኩ ተከፈተ።
የሴት ድምፅ፣ በሹክሹክታ፣ የወሎ አማርኛ፦
«አህያስ ነኝ፣ ወንድሜ፤ ጭነት አይቀረኝም፤
እመቤቴ ስትጠራኝ ግን ‹ጨዋታ ላይ ነኝ› አልላትም።
ስልኩን ሩዝ ጆንያ ውስጥ ቀብሬ ነው የሮጥኩት፤
ድልድዩ ላይ ያየኸው አካሌን ነው፣ የተውኩት።
ደግሞ ጦይባ እባላለሁ። እናቴን ተዋት፤
ከኔ ብር እንጂ ስድብ ተልኮላት አያውቅም።»

ይቅርታ ነበር ወጉ። እኔ ግን ከሃፍረቴ ስሸሽ የባሰው ውስጥ ገባሁ፦
«ሴት ናት ለካ! ለዚህ ነዋ የተበላሁ!»

ጣሪቅ ምን እንዳልኩ ሳያውቅ ሳቀ፤
ሳቁ እንደ ጭብጨባ ጣፈጠኝ።
ኩሪያን ግን አልሳቀም። አማርኛ አያውቅም፤ መርፌ ግን ያውቃል፣
ድምፅ ሰው ላይ ሲሰካ ከሩቅ ይለየዋል።
አሳለ። «ኸላስ፣ ነብር» ብሎ ድምፄን ዘጋው፤
ቦታዬን ግን አልነካም፤ «ያላ» ብሎ ሁለተኛውን ዙር አስጀመረው።

በዚያ ዙር «ዝምታ» እኔ ነበርኩ።
መጋዘኑ ጀርባ ተመታሁ፣ ወደቅኩ።
የወደቀን ለማንሳት፣ ተንበርክኮ፣ አስር ሰከንድ ይፈጃል፤
አስር ሰከንድ ደግሞ እዚያ ውስጥ ሰው ሦስቴ ይሞትበታል።
ልጣራ ብል ድምፅ የለኝ።
ብጣራስ፣ በየትኛው አፌ?

መጣች። ድልድዩን አቋርጣ፣ ከጥይቱ እየተጣመመች፣
ምንም ሳትለኝ አጠገቤ ተንበረከከች።
አንድ፣ ሁለት፣
አምስት፣
ስምንት ላይ እጇ ቆመ።
ጠሯት ማለት ነው።
አካሏ እንደተንበረከከ ቀረ።

ከግራ የእግር ኮቴ ተሰማ።
የወደቀ ሰው መተኮስ አይችልም፤ መዳህ ግን ይችላል።
ዳኽኩ። በእሷና በጥይቱ መሃል ተጋደምኩ።
ጀግንነት አትበሉት፤ ሌላ ሙያ የለኝም፣
ዘበኛ ነኝ፤ የሰው ነገር ሲተኛ
ፊቱ መገተር ነው የለመድኩት።

አንድ ጥይት። ሁለት። ስክሪኑ ቀላ።
ከመግቢያው ላይ ክላክስ፣ ነጭ ላንድክሩዘር፣
«ያ ሐሪስ!»
ስልኩን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ፣ በሩን ከፈትኩ።
ከኪሴ ተኩስ ይንጣጣል፣ የኩሪያን ሳል ይሰማል፤
እኔ ግን የሷን ድምፅ ጠበቅኩ፣
መኪናው አልፎኝ እስኪወርድ፣
አንገቴን ሰብሬ፣ ጆሮዬን ኪሴ ላይ ጥዬ።